ሳሎን ውስጥ ካሜራ ልንገጥም ነው፣ ለሠራተኛዋ እንንገራት ወይስ አንንገራት?

የበኩር_እናት (አዳማ) | ሰኞ ማታ

ሰላም ናችሁ የመድረኩ ሰዎች። ፍራንኮ አካባቢ ነው የምንኖረው፣ የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ የወሊድ ፈቃዴ እያለቀ ነው፣ የምሠራው የግል ድርጅት ስለሆነ ሕጉ ከሚለው 120 ቀን በላይ አንድ ቀን አይጨምሩልኝም፣ የሕፃናት ማቆያ ብሎ ነገር የለም። እናቴ ሩቅ ናት፣ የባለቤቴ እናት በሕይወት የሉም። ስለዚህ ልጄን ከቤት ሠራተኛችን ጋር ትቼ መውጣቴ ነው። ልጅቷ ከአርሲ በኩል በዘመድ የመጣች የ19 ዓመት ልጅ ናት፣ ከወለድኩ ጀምሮ አብራኝ ናት፣ እስካሁን ክፉ ነገር አላየሁባትም፣ ግን ይሄ ሁሉ እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ነው፣ በሌለሁበት ምን እንደሚሆን በምን አውቃለሁ?

ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ጅቡቲ መስመር። ባለፈው ሲመጣ ፖስታ ቤት ጋ ካሉት ሱቆች አምፖል የሚመስል ካሜራ ገዝቶ መጣ፣ እንደ ማንኛውም አምፖል የሚጠመዘዝ ነው፣ ማንም ካሜራ ነው ብሎ አይጠረጥርም። ሳሎን እንግጠመው፣ አንቺ ከቢሮ እኔ ከመንገድ እናየዋለን፣ ግን እንዳትነግሪያት አለኝ። ከነገርሻት ካሜራው ፊት መልአክ ትሆናለች ጓዳ ስትገባ ደግሞ ሌላ ሰው ትሆናለች፣ ታዲያ ምን ዋጋ አለው ነው የሚለው። እውነት አለው። እኔን የከበደኝ ምን መሰላችሁ፣ ቤታችን ሳሎንና አንድ መኝታ ቤት ነው፣ ልጅቷ ማታ ፍራሽ አንጥፋ የምትተኛው እዛው ሳሎን ነው፣ ልብስ የምትቀይረውም እዛው። ስትተኛ እናጥፋው ብለው ደግሞ ማን ሁልጊዜ እያስታወሰ ያጠፋዋል አለኝ፣ እሱም ራሱ መንገድ ላይ ሌሊት ሲነቃ ልጁን ማየት ይፈልጋል (ልጁ አንዳንድ ሌሊት ሲያስቸግረኝ ሳሎን ይዤው እወጣለሁ)።

ልጄን መጠበቅ እፈልጋለሁ። ልጅቷንም ማዋረድ አልፈልግም። የደረሰባችሁ ካላችሁ ምን እንዳደረጋችሁ ንገሩኝ።

---

ቃልኪዳን_ለ | ሰኞ ማታ

እህቴ ምንም አታመንቺ፣ ግጠሚው፣ እንዳትነግሪያት። እኔ ከምነግርሽ ነገር በኋላ ራስሽ ትወስኛለሽ። ልጄ 8 ወሩ ነበር፣ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ስመለስ ሁሌ ተኝቶ ነው የማገኘው፣ ሠራተኛዋ "ዛሬ ደህና ነው የዋለው፣ በልቶ ተኛ" ትለኛለች፣ እኔም እንዴት ያለች ጎበዝ ልጅ አገኘሁ ብዬ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ግን ልጁ ማታም ይደነዝዛል፣ ጡት ሲይዝ ይደክመዋል። ወንድሜ አንድ ትንሽ ካሜራ መደርደሪያው ላይ ከመጻሕፍት መሀል አስቀመጠልኝ። ያየሁትን እስካሁን ስናገረው እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ጠዋት እኔ ከወጣሁ በኋላ የሳል ሽሮፕ በማንኪያ ሰጥታው እሱ ሲተኛ እሷ ስልኳን ይዛ ሶፋ ላይ ትተኛለች። የሳል ሽሮፕ! ሳል የሌለበት ልጅ!

ብነግራት ኖሮ ማድቤት ወስዳ ታጠጣው ነበር። የልጄን ሕይወት ያተረፈው አለመናገሬ ነው። ስለሰው ክብር የምታወሩ ሁሉ መጀመሪያ አፍ ስለሌለው ሕፃን ክብር አውሩ።

---

ፋርማሲስቱ_አዳማ | ሰኞ ማታ

@ቃልኪዳን_ለ እግዚአብሔር ስለተረፈላችሁ ይመስገን እህቴ። ለሌሎች እናቶች አንድ ነገር ልጨምር፣ ነገሩ ከካሜራው ይበልጣል። እንቅልፍ የሚያመጡ የጉንፋንና የአለርጂ ሽሮፖች አሉ፣ በተለይ ፕሮሜታዚን ያለበት ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ በፍጹም አይሰጥም፣ መተንፈስ ሊያቆም ይችላል፣ አሜሪካኖቹ በዚሁ ምክንያት በ2004 (በፈረንጆቹ) ጠንካራውን ማስጠንቀቂያ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ እንዲጻፍ አድርገዋል። እኛ ጋ ግን ይሄ ሽሮፕ በየቤቱ ፍሪጅ ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ።

ከልምዴ የምለው፣ ብዙ ጊዜ ሠራተኛዋ ይሄን የምትማረው እዛው ቤት ነው። እናት ወይ አክስት "ትንሽ ይተኛ" ብላ ስትሰጥ አይታ። 18፣ 19 ዓመት ልጅ መድኃኒትና ምግብ ምን ልዩነት እንዳለው ማንም ሳያስተምራት ሕፃን ይሰጣታል። ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት ሽሮፖቹን ሁሉ ቆልፉባቸው፣ ልጅቷንም ቁጭ አድርጋችሁ አስረዷት። ቀን ሙሉ የሚተኛ፣ ሲነቃ የሚደነዝዝ፣ ጡት የሚደክመው ልጅ ደግሞ ካሜራ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ነው የሚሄደው።

---

ባለ_ቤት | ማክሰኞ ጠዋት

ይሄ ምን ያከራክራል ጎበዝ? ቤቱ የሷ ነው፣ ልጁ የሷ ነው፣ ደመወዙን የምትከፍለው እሷ ናት። እኔ ባንክ ነው የምሠራው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ካሜራ አናቴ ላይ ነው፣ ማንም ፈቃዴን ጠይቆኝ አያውቅም፣ ተዋርጄ አላውቅም። ሥራዋን በአግባቡ የምትሠራ ሰው ካሜራ ምን ያስፈራታል?

---

ሰላማዊት_የፀጉር | ማክሰኞ ቀን

@ባለ_ቤት ወንድሜ እኔ የቤት ሠራተኛ ነበርኩ፣ ዛሬ ፀጉር ቤት ነው የምሠራው ማታ ማታ እማራለሁ፣ አዳማ ነው ያለሁት፣ ስለዚህ ልመልስልህ። አንተ ባንክ ካሜራው ሥር ቆይተህ 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ትወጣለህ፣ ቤትህ ገብተህ ጫማህን አውልቀህ እንደፈለክ ትሆናለህ። እሷ 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን የት ትሂድ? የምትሠራበት ሳሎን ነው፣ የምትበላበት እሱ ነው፣ የምትተኛበት እሱ ነው፣ አባቷ ሞተ ብለው ቢደውሉላት የምታለቅስበትም እሱ ነው። ባንክህ ውስጥ ካሜራ አለ፣ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ግን የለም አይደል? ለምን የለም? እሷ ደግሞ ልብሷን የምትቀይርበት ሌላ ክፍል የላትም። በአዳማ ሙቀት ማታ ተጠቅልሎ የሚተኛ ሰው ታውቃለህ? እኔ አላውቅም።

የኔን ልንገራችሁ። ሌላ ከተማ ነው የሠራሁት፣ የቤቱ ሰዎች ቀን አይኖሩም፣ የእመቤቴ እህት ውጭ ሀገር ናት። ካሜራ እንዳለ አልነገሩኝም። አንድ ቀን ልብስ አጥቤ ጨርሼ ሶፋው ላይ አረፍ ስል ከመደርደሪያው በኩል "ማን ተቀመጪ አለሽ?" የሚል ድምፅ መጣ። ቤት ውስጥ ማንም የለም። ሰይጣን ነው ብዬ እየጮህኩ ወደ ውጭ ወጣሁ። ለካ ካሜራው ድምፅ ማውጫ አለው፣ እህትየዋ ከዛ ማዶ ሆና ታየኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ ከገባሁ ጀምሮ እዛ ክፍል ውስጥ ነው ስተኛ ስነሳ የነበረው። ከዛ ቀን በኋላ ስበላ ጀርባዬን አዙሬ ነው የምበላው፣ ሕፃኑን ስስመው እንኳን ለማስመሰል ነው ይሉኛል እያልኩ እፈራ ነበር፣ በፊት እንደልቤ እየዘፈንኩ ነበር የማጫውተው ተውኩት።

ግን ካሜራ አይኑር እያልኩ አይደለም፣ ይሄን ደሞ ስሙኝ። እዛው ቤት ወርቅ ጠፋ ተባለ። ካሜራ አለ አይደል እዩት አልኳቸው፣ ለምኛቸዋለሁ፣ ተንበርክኬ። ተደምስሷል አሉኝ። እኔ ስቀመጥ የሚታይ ካሜራ እኔ አለመስረቄን ለማየት ሲሆን ተደመሰሰ። ደመወዜን ሳይሰጡኝ ነው ያስወጡኝ። ስለዚህ እህቴ የበኩር እናት፣ ካሜራውን ግጠሚ፣ ግን ንገሪያት፣ ማታ ይጥፋ፣ እሷም ብትከሰስ ቪዲዮውን ክፈቱልኝ ማለት የምትችል ትሁን።

---

ሮባ_ቴክኒክ | ማክሰኞ ከሰዓት

አዳማ ካሜራ እገጥማለሁ፣ ሱቅም ሆቴልም ቤትም። የበኩር እናት፣ ቴክኒኩን ልንገርሽ ምክንያቱም ሰው ካሜራ ሲገዛ ማየት ብቻ ነው የሚያስበው።

አንደኛ፣ የአምፖል ካሜራው ሙሉ ክፍሉን ነው የሚያየው፣ መስታወቱ ሰፊ ማዕዘን ስለሆነ ልጁ ያለበትን ጥግ ብቻ እያሳየህ ሌላውን ተው ማለት አትችይም። ክፍሉ ሲጨልምም በኢንፍራሬድ (ዓይን በማያየው ብርሃን) ጥቁርና ነጭ አድርጎ ይቀጥላል፣ ጨለማ ነው ብላ ልብሷን የምትቀይር ሰው ቁልጭ ብላ ትታያለች። የአምፖሉን ማብሪያ ማጥፊያ ካጠፋሽው ደግሞ ካሜራውም ይሞታል፣ ስለዚህ ባልሽ ሁሌ ክፍት ይሁን ማለቱ አይቀርም።

ምስሉ ከቤትሽ ወደ ስልክሽ በቀጥታ የሚሄድ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አብዛኛዎቹ ርካሽ ካሜራዎች በአምራቹ ሰርቨር በኩል ነው የሚያገናኙሽ፣ ሰርቨሩ ደግሞ ሌላ ሀገር ነው። ከካሜራው ሥር ቁጥር ተለጥፎበታል፣ ያንን ቁጥርና ፓስዎርዱን ያገኘ ሰው የትም ሆኖ ይከፍተዋል። ደንበኞቼ ጋ ስሄድ ከፋብሪካ የመጣውን ፓስዎርድ የቀየረ ሰው ብዙም አይገጥመኝም። በ2016 (በፈረንጆቹ) ሚራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ስንት ካሜራና ራውተር የያዘው ሌላ ጥበብ ኖሮት አይደለም፣ የፋብሪካ ፓስዎርዶችን አንድ በአንድ እየሞከረ ነው የገባው። ትልልቆቹም አይተርፉም፣ በየካቲት 2024 (አሁንም በፈረንጆቹ) ዋይዝ የተባለው የአሜሪካ የካሜራ ካምፓኒ ሰርቨሩ ተበላሽቶ ሲመለስ ወደ 13 ሺህ የሚሆኑ ደንበኞች የሰው ቤት ምስል ስልካቸው ላይ መጣላቸው። ሪንግ የተባለውን ሌላ የካሜራ ካምፓኒ ደግሞ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ2023 ሠራተኞቹ የደንበኛ ቪዲዮ ያዩ ነበር ብሎ ከሶት 5.8 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ፣ ከታዩት ውስጥ የሴቶች መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ነበረበት።

እኔ ሰው የሚተኛበት ቦታ ተደብቆ ግጠም ሲሉኝ አልገጥምም። ስለዚህ ምክሬ፣ አምፖሉን መልሺው፣ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠውን አንገቱ የሚዞረውን ውሰጂ፣ ወደ ልጁ መጫወቻ አዙሪው፣ ማታ ከሶኬት ንቀዪው። አንዳንዶቹ መስታወቱን ወደ ውስጥ የሚደብቅ ሞድ አላቸው፣ ልጅቷ ራሷ በዓይኗ አይታ እንደጠፋ ታውቃለች። በአፕ አጥፍቼዋለሁ ማለት ለሷ ምንም ማረጋገጫ አይሆንም።

---

ጋላፊ_መንገደኛ | ማክሰኞ ሌሊት

እኔም የባልሽ የሥራ ባልደረባ ነኝ፣ መስመር ላይ ነኝ አሁን አዋሽ አድሬ ነው የምጽፈው። የሱን ስሜት ልንገርሽ እህቴ፣ ልጅ ሲወለድ እኛ መንገድ ላይ ነን፣ ጥርስ ሲያወጣ መንገድ ላይ ነን፣ ስንመለስ ልጁ አያውቀንም ያለቅስብናል። ያ ካሜራ ለሱ ሠራተኛ መሰለያ ብቻ አይምሰልሽ፣ ልጁን ማየት ነው የፈለገው። ይሄን አትንሺው።

ግን ለሱም ንገሪው። ከገዋኔ ወደ ሚሌ ስትሄድ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ምስሉ ልጁ አፉን ከፍቶ እያለቀሰ ይቆምና እዛው ይቀራል፣ ከዛ በኋላ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ያንን ሁሉ በረሃ ታቋርጣለህ። አንድ ጓደኛዬ ቤቱ ካሜራ አለው፣ መሪ ይዞ በአንድ ዓይኑ ስልክ ነው የሚያየው፣ ያንን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ከፊትህ የነዳጅ ቦቴ ከኋላህ ኮንቴነር ነው። ሌላው ደግሞ መጀመሪያ ለሠራተኛ ብሎ ያስገባው ካሜራ ቀስ በቀስ ሚስቱ ላይ ዞረ። ማን ነው የመጣው፣ ለምን አምሽተሽ ገባሽ፣ ያቺ ጎረቤት ለምን ትመላለሳለች። ሚስትየው አንድ ቀን ንቅል አድርጋ ጣለችው። እህቴ ካሜራው ሳሎን ከሆነ አንቺም ሳሎን ውስጥ ነው የምትኖሪው።

---

የበኩር_እናት | ረቡዕ ጠዋት

@ጋላፊ_መንገደኛ ይሄ የመጨረሻው ነገርህ ገባኝ ወንድሜ፣ በሰላም ግባ። ጡት የማጠባው ሳሎን ነው። ባለቤቴ ደግሞ ትናንት ስንደዋወል "ለእህቴም ሼር አደርግላታለሁ፣ እሷ ውጭ ስለሆነች ጊዜ አላት፣ አንቺ ሥራ ሲበዛብሽ እሷ ታይልሻለች" አለኝ። እህቱን እወዳታለሁ፣ ግን የኔን ጡት ማጥባት የልጅቷን መተኛት ከሌላ አህጉር የምታይ ሰው አልፈልግም። የሰላማዊትን ጽሑፍ ሳነብ ደግሞ ሰውነቴ ቀዘቀዘ፣ ልክ እንደዛ ነው የሚሆነው።

---

ሕግ_አዋቂ_ነኝ_ባይ_አይደለሁም | ረቡዕ ቀን

ሕግ ተምሬያለሁ፣ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መብት ለማንኛውም ሰው ነው የሰጠው፣ ለቤት ባለቤት ብቻ አይልም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ (1952) ደግሞ አንቀጽ 2601 ላይ ከአሠሪው ጋር አብሮ ስለሚኖር ሠራተኛ ይናገራል፣ መኝታውን፣ እረፍቱንና ምግቡን በተመለከተ አሠሪው ጤናውንና ሞራሉን መጠበቅ አለበት ነው ነገሩ። መኝታ ላይ የተደበቀ ካሜራ ከዚህ ጋር እንዴት እንደሚታረቅ ለኔ አይታየኝም። ክፍተቱ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) ላይ ነው፣ የቤት ሠራተኛን ከአዋጁ አውጥቶ በሌላ ደንብ ይወሰናል ብሎ ስላለፈው እነዚህ ልጆች እንደ ፋብሪካ ሠራተኛ የሚቆምላቸው የላቸውም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ (1321/2016) አሁን ወጥቷል፣ መንፈሱ የሰውን መረጃ ስትይዝ ሰውየው ይወቅ የሚል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም የሚያናድደኝ፣ ቲክቶክ ላይ "ሠራተኛዬ ልጄን ስትመታ" እያሉ ቪዲዮ መለጠፍ። የሰውን ምስል ያለፈቃዱ አደባባይ ማውጣት በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የተከለከለ ነው። ልጅ ተመቶ ከሆነ ወንጀል ነው፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 አለ፣ ቪዲዮውን ይዛችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። ቲክቶክ ላይ የሚታየው የልጅቷ ፊት ብቻ አይደለም፣ የተመታው የራሳችሁ ልጅም ነው፣ አድጎ ያገኘዋል።

---

እማማ_ዘነበች_ብላችሁ_ጥሩኝ | ረቡዕ ከሰዓት

ልጆቼ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ፣ እኔ እነግራታለሁ። እኛ ልጅ ስናሳድግ ጎረቤት ነበር የሚያየው፣ ሕፃን ካለቀሰ ምን ሆነ ብላ አጥር ዘላ የምትገባ ነበረች። የበኩር እናት ልጄ፣ ፍራንኮ ሰው አለ፣ አንዷን ጎረቤትሽን ቡና ጠጥተሽ አደራ በያት፣ ቀን አንዴ ብቅ ትበል። ልጅቷም ብቻዋን ከሕፃን ጋር ስትውል የሚያነጋግራት ሰው ታግኝ፣ ብቸኝነት ራሱ ክፉ ያሠራል።

---

ቃልኪዳን_ለ | ረቡዕ ማታ

እማማ በእግዚአብሔር እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፣ ጎረቤቶቼ ሁሉ ጠዋት እንደኔ በር ቆልፈው ይወጣሉ። የድሮው ጎረቤት የለም።

@ሰላማዊት_የፀጉር የደረሰብሽ አሳዝኖኛል ከልቤ። ማታ ይጥፋ ያልሽውን ተቀበልኩ፣ የሚተኛ ሰው መቅረጽ ነውር ነው። ቀን ግን? ቀን ሕፃኑ ጋ ያለው እሷ ብቻ ናት፣ መናገር የማይችል ልጅ ነው። ብነግራት ሽሮፑን ማድቤት ውስጥ ታጠጣው ነበር ወይስ አታጠጣውም ነበር? ይሄንን መልሱልኝ።

---

ሰላማዊት_የፀጉር | ረቡዕ ማታ

ልታጠጣው ትችላለች እህቴ፣ አልዋሽሽም። ክፉ ሰው ካሜራም አይመልሰውም ማድቤት ይገባል። ግን አብዛኞቻችን ክፉ አይደለንም፣ ደክሞን ነው፣ ከ12 ሰዓት ጀምሮ ቆመን ነው፣ ልጁ ሲያለቅስ ምን እንደምናደርግ ማንም አላሳየንም። እኔ የምጠይቅሽ፣ ያቺ ልጅ ልብስም እያጠበች ምግብም እየሠራች ቤትም እያጸዳች ነበር ሕፃኑን የምትይዘው? ከሆነ እሱ እንዲተኛ የምትፈልገው ለምን እንደሆነ አስቢው። ልክ ነበረች እያልኩ አይደለም፣ ለሕፃን መድኃኒት ማጠጣት ኃጢአት ነው። ግን ቀጥሎ ለምትመጣው ልጅ ያንኑ ሥራ ሰጥተሽ ካሜራ ብቻ ብትጨምሪባት፣ ያንን ድካም ካሜራው አይሸከምላትም።

---

ቃልኪዳን_ለ | ረቡዕ ማታ

ሁሉንም ሥራ ነበር የምትሠራው፣ አዎ። አሁን ያለችው ልብስ አታጥብም፣ ለልብስ በሳምንት የምትመጣ ሴት አለች። ካሜራው ግን አሁንም ተደብቆ ነው ያለው፣ አላነሳውም። ልጄ እስኪናገር ድረስ አላነሳውም።

---

ናቲ_ዴቭ | ሐሙስ ጠዋት

አዲሶቹ ካሜራዎች ሕፃን ሲያለቅስ ራሳቸው ለይተው ማሳወቂያ ይልካሉ፣ ሙሉ ቀን ላይቭ ከማየት እሱ አይሻልም? ልጅቷ ላይም ሁሌ አፍጥጠሽ አትውይም።

---

ሮባ_ቴክኒክ | ሐሙስ ጠዋት

@ናቲ_ዴቭ ይሠራል ግን አትመኑት። ቴሌቪዥን ላይ ሕፃን ሲያለቅስም ይልክላችኋል፣ ውጭ ድመት ስትጮህም ይልካል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ፀጥ ያለ ልጅ ለማሽኑ ደህና ልጅ መሆኑ ነው፣ የቃልኪዳን ልጅ ሽሮፕ ጠጥቶ ሲተኛ ማሽኑ ምንም አይልክም ነበር። ለቅሶ በቆጠረ ቁጥር ደግሞ ልጅቷ ጥፋተኛ መምሰሏ ነው፣ ሕፃን እናቱም እቅፍ ውስጥ ያለቅሳል።

---

የበኩር_እናት | ቅዳሜ ማታ

ሰላም ናችሁ፣ ሁላችሁንም አንብቤያለሁ፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

ለልጅቷ ነገርኳት። ቡና አፍልተን ቁጭ ብለን ነው የነገርኳት፣ ሥራ ስጀምር ልጄ ስለሚናፍቀኝም ስለምፈራም ካሜራ ላስገባ ነው አልኳት። ዝም አለች ትንሽ። ከዛ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ማታ ይጠፋል?" ነው። ሁለተኛ "ማን ነው የሚያየው?" አለች። እኔና የልጁ አባት ብቻ አልኳት። ከዛ ያልጠበቅሁትን ጠየቀችኝ፣ "ሕፃኑ ወድቆ ቢጎዳ እኔ ጣልኩት እንዳትሉኝ ቪዲዮውን ለኔም ታሳዩኛላችሁ?" አለችኝ። ለካ እሷም ብቻዋን ከልጁ ጋር መቅረቱን ፈርታዋለች፣ ስትናገር ዓይኗ እንባ ሞላ። እሺ አልኳት፣ ቪዲዮው የሚቀመጥበት ካርድ ከካሜራው እንደማይወጣ፣ የሆነ ነገር ከተፈጠረ አንድ ላይ ሆነን እንደምናየው ቃል ገባሁላት። @ሮባ_ቴክኒክ ካርዱ ስንት ቀን ይይዛል ግን?

አምፖሉን መልሼ ልዩነቱን ጨምሬ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠውን ወሰድኩ፣ ፓስዎርዱን ቀየርኩ። ወደ ልጁ ምንጣፍ ነው የሚያየው። ማታ ራሷ ከሶኬት ትነቅለዋለች፣ ጠዋት ስወጣ እኔ እሰካዋለሁ። ጎረቤቴንም አደራ ብያለሁ እማማ፣ እሺ ብላኛለች።

ባለቤቴ ግን ተቆጥቷል፣ "በቃ አሁን ምን ዋጋ አለው" ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። ለእህቱ ሼር አይደረግም ማለቴ ደግሞ አስከፍቶታል። ሲመለስ በደንብ እናወራለን፣ የጋላፊ መንገደኛን ጽሑፍም አሳየዋለሁ።

---

ሮባ_ቴክኒክ | ቅዳሜ ማታ

64 ጊጋ ከሆነ እንደ ምስሉ ጥራት ከጥቂት ቀን እስከ አንድ ሳምንት ገደማ ይይዛል፣ ከዛ አሮጌውን እየደመሰሰ በላዩ ይጽፋል። ስለዚህ የሆነ ነገር ከተፈጠረ በዚያው ቀን ካርዱን አውጪና ቅጂ ያዢ፣ በኋላ እናየዋለን አትበሉ። መብራት ሲጠፋም እንደማይቀርጽ ለልጅቷ ንገሪያት፣ ነገ ያ ሰዓት ለምን የለም ተብላ እንዳትጠየቅ።

---

ቃልኪዳን_ለ | ቅዳሜ ማታ

ማድቤቱ አሁንም አይታይም። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን እንቅልፍ አይወስደኝም።

---

የበኩር_እናት | ቅዳሜ ማታ

@ቃልኪዳን_ለ ገብቶኛል እህቴ፣ እኔም እፈራለሁ። ሽሮፖቹን ሁሉ አውጥቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌያለሁ፣ ፋርማሲስቱ እንዳለው ለልጅቷም አስረድቻታለሁ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምሳ ሰዓት ሳልናገር እየመጣሁ አያለሁ፣ ቢሮዬ በባጃጅ ሩቅ አይደለም። ልጄ ደክሞት ወይ ደንዝዞ ካየሁት ሥራውን እተወዋለሁ፣ ይሄን ለባለቤቴም ነግሬዋለሁ።

---

ሰላማዊት_የፀጉር | እሁድ ጠዋት

እህቴ እግዚአብሔር ይስጥሽ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፣ አንቺ ሥራ ስትጀምሪ የሷ ሥራ እጥፍ ሊሆን ነው፣ ደመወዟስ? እሁድ ትወጣለች?

---

የበኩር_እናት | እሁድ ጠዋት

ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ይጨመርላታል፣ ያንን ከባለቤቴ ጋር ከመጣላታችን በፊት ተስማምተናል። እሁድ ከሰዓት ትወጣለች፣ ዛሬም ልትወጣ እየተዘጋጀች ነው፣ አክስቷ መብራት ኃይል ሰፈር ነው ያለችው። ልብስ ማጠቡን በሳምንት የምትመጣ ሴት ካገኘሁ እሱን ላነሳላት እያሰብኩ ነው፣ አዳማ ውስጥ የምታውቁት ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።